ሙዳዩ ውስጥ ስንት ሽምብራ አለ? ልጆችን ከተለዋዋጭ ጋር የማስተዋወቂያ መንገድ

የእኅቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል በገባ በወሩ የሂሳብ ደብተሩን ይዞ መጣና «አክስቴ፣ ፊደል ከቁጥር ጋር እንዴት ይደመራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ኤክስ ሲደመር 5 እኩል ይሆናል 9 የሚል ነበር። መልሱ 4 መሆኑን በልቡ አውቆታል። ያስጨነቀው ፊደሉ ነው፤ ከየት መጣ? ምን ይሠራል? ለምንስ ቁጥሩ ራሱ አልተጻፈም?

ይህ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ በየዓመቱ «ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ የኖረ ነው። ጥምቀት መቼ ነው ብሎ ግን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ጥር 10 በከተራ ታቦታቱን ተከትሎ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር እንደሚወርድ፣ በማግሥቱም ጥር 11 ጥምቀት እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ቀን እንደማይነቃነቅ፣ ሌላው በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ፣ የሚለዋወጠውም ቢሆን ያለ ሥርዓት እንደማይሄድ ሳናስተምረው ገብቶታል። ጎንደር ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ልጅ ተለዋዋጭን፣ ማለትም በቁጥር ፈንታ የሚጻፈውን ፊደል፣ እንደ ባዕድ እንግዳ ሊፈራው አይገባም ነበር። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር ስሙን ሳንነግረው የቆየነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ለቤታችን ልጆችና በሰንበት ትምህርት ቤት ለማስተምራቸው ሕፃናት የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ከስድስት ዓመት ግድም ይጀምርና እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይዘልቃል። አንዱን ደረጃ ሳይጠግቡ ወደ ሌላው አትዝለሉ፤ አንዳንዱ ልጅ በሙዳዩ ጨዋታ ብቻ ሁለት ወር ይቆያል፤ ይቆይ።

የሚያስፈልገው ነገር ከቤት አይወጣም። ክዳን ያለው ሙዳይ፣ ሙዳይ ከሌለ የሚደፋ ስኒ፤ ሁለት እፍኝ ሽምብራ፤ ሃያ ያህል ቆርኪ፤ አንድ የልብስ መስቀያና ሁለት ተመሳሳይ ስስ ፌስታል፤ ደብተርና እርሳስ፤ በዓላትና አጽዋማት የተጻፉበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ።

አንደኛ፦ ሙዳዩን ዝጉት

ልጁ እያየ ዘጠኝ ሽምብራ ቁጠሩ። ዓይኑን እንዲጨፍን ንገሩትና ጥቂቱን ሙዳዩ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት፤ አምስቱን ውጭ ተዉት። ዓይኑን ሲገልጥ «ሙዳዩ ውስጥ ስንት አለ?» በሉት።

አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሙዳዩን አንሥታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና ነቀነቀችው። «ብዙ ነው» አለችኝ። ዝም አልሁ። መልሳ አስቀመጠችው፤ ውጭ የቀሩትን አምስቱን በጣቷ አንድ በአንድ ነካካቻቸው፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ አራት ጣቷን አወጣች። ልጅ ከጆሮዋ ወደ አሳቧ የተሻገረችበት ያ ቅጽበት የዚህ ትምህርት ሁሉ መሠረት ነው። ስለዚህ ክዳኑን ቶሎ አትክፈቱ። «ሳታዪው እንዴት አወቅሽ?» በሉ፤ በራሷ ቃል ታስረዳ፤ ከዚያ ራሷ ትክፈተው።

በየቀኑ ድምሩን እየለዋወጣችሁ ተጫወቱ፤ ተራውንም ለልጁ ስጡት፤ እሱ ይደብቅ፣ እናንተ ፈልጉ። አልፎ አልፎ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱና ያርማችሁ። በዚህ ደረጃ «ተለዋዋጭ» የሚለውን ቃል አታንሡ።

ወንጌል ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቀዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 አሥር ለምጻሞች ነጽተው ለማመስገን የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጌታችንም ዘጠኙ ወዴት እንዳሉ ይጠይቃል። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 15 መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዱን ለመፈለግ ይወጣል፤ ድምሩ መቶ መሆኑን ባያውቅ ኖሮ የጎደለውን ባላወቀ ነበር። ታሪኩን መጀመሪያ ለታሪኩ ሲባል ተርኩት፤ ሽምብራው በኋላ ይምጣ። የወንጌልን ቃል ለሂሳብ ጌጥ ብቻ የምናደርገው ከሆነ ልጁ ሁለቱንም ያቀልላቸዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጥቅስ ማፈላለግ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ታሪክ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ላልታወቀው ቁጥር ስም አውጡለት

አሁን ጨዋታውን ወደ ደብተር አውርዱት። መጀመሪያ ልጁ ሙዳዩን ይሣል፤ ከጎኑ + 5 = 9 ይጻፍ። በሌላ ቀን በሥዕሉ ውስጥ «መ» የሚል ፊደል ይጻፍበት። ከዚያ ሥዕሉን ትታችሁ ፊደሉን ብቻ አስቀሩ፦

መ + 5 = 9

«ገና ያላወቅነውን ቁጥር ስም አወጣንለት» በሉት። ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ስም ይወጣላታል፤ ነገ ምን እንደምትሆን ማንም ሳያውቅ በዚያ ስም እንጠራታለን። እኔ ለልጆቹ መዝሙረኛው ስለ እግዚአብሔር የተናገረውንም እጨምርላቸዋለሁ፤ የከዋክብትን ብዛት ይቈጥራል፣ ሁሉንም በየስማቸው ይጠራቸዋል። ለእኛ ያልታወቀ ቁጥር አለ፤ ለእርሱ የለም። ስም የምናወጣው ቁጥሩ ስለሌለ አይደለም፤ አለ፣ እኛ ገና አልደረስንበትም።

እዚህ ላይ ልጆች የሚሰናከሉባቸው ነገሮች ስላሉ ጊዜ ወስዳችሁ ተመልከቱ።

መጀመሪያ፣ ፊደሉ ዕቃው አይደለም፤ ቁጥር ነው። «መ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሙዳይ» ካላችሁ ገና ነው። «ሙዳዩ ውስጥ ያለው የሽምብራ ቁጥር» ካላችሁ ገብቶታል። አስተማሪዎች ነገሩን ለማቅለል ብለው «ብ ማለት ብርቱካን ነው፣ ሙ ማለት ሙዝ ነው፤ 2ብ እና 3ሙ እንደምር» ይላሉ። ለጊዜው ይቀላል፤ በኋላ ግን ይበላሻል፤ ብርቱካን ከሙዝ ጋር ይባዛልን? ልጁ ከመነሻው «ብ የብርቱካኑ ብዛት ነው» ብሎ ይልመድ።

ሁለተኛው እኔ ራሴ ሳላስበው ያጠመድሁት ወጥመድ ነው። «መ + 5 = 9» ብዬ ስጠይቅ አንዲት ልጅ ቶሎ ብላ «4» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እንዴት እንዳገኘችው ብጠይቃት «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ መ አራተኛ ነው» አለች። መልሷ ትክክል፣ መንገዷ ስሕተት ነበር፤ ባልጠይቃት ኖሮ አላውቅም ነበር። ወዲያው «መ + 5 = 12» ብዬ ጻፍሁላት። ፊደሉ በተራው እንደማይታሰር፣ በአንዱ ጥያቄ 4፣ በሌላው 7 ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ አየች። ፊደል ገበታ አጥንቶ ለመጣ ልጅ ይህ ስሕተት በጣም ቅርብ ነውና ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ወይም ሰ እና ሠን በአንድ ጥያቄ ውስጥ አታስገቡ። ለዓይን ቢለያዩም ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ሂሳብን ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚማረው። ሀ እና ሁንም እንደ ሁለት ቁጥሮች ስም አትጠቀሙባቸው። በተረፈ ሕጉ አጭር ነው፦ በአንድ ጥያቄ ውስጥ አንድ ፊደል ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ ጥያቄው ሲለወጥ ፊደሉ አዲስ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

አራተኛውን ደግሞ ማባዛት ላይ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ። «2መ» ሲጻፍ መ 3 ከሆነ ልጁ 23 ይላችኋል። ሁለት ሙዳይ አስቀምጡለትና በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሽምብራ ይጨምር። ስድስት መሆኑን በእጁ ይቁጠረው።

ሦስተኛ፦ ሚዛኑን አስተካክሉ

ብዙ ልጅ የእኩል ምልክትን «አሁን መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ነው የሚያየው። ለማረጋገጥ «4 + 3 = □ + 2» ብላችሁ ስጡት። ባዶው ቦታ ላይ 7 ከጻፈ ስለ ተለዋዋጭ ከማውራታችሁ በፊት ሚዛን ያስፈልገዋል።

የልብስ መስቀያውን በምስማር ላይ አንጠልጥሉና በሁለቱ ጫፍ ፌስታሎቹን እሰሩ። ለዚህ ሽምብራ አይሆንም፤ አንዱ ከአንዱ ይከብዳል። ቆርኪ ግን ክብደቱ አንድ ነው። በአንድ ወገን ስምንት ቆርኪ ክተቱ። በሌላው ወገን ሦስት ቆርኪ በግልጽ፣ አምስት ደግሞ በስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ አድርጉ። መስቀያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ጥቅሉ ውስጥ ስንት አለ? ሳትፈታው ንገረኝ።»

ልጁ ከአንዱ ወገን ብቻ ሦስቱን ቢያነሣ ሚዛኑ ይደፋል። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሲያነሣ ቀጥ ብሎ ይቆይና ጥቅሉ ብቻውን ከአምስት ቆርኪ ጋር ይቀራል። እንዲህ ብሎ ይጻፈው፦

መ + 3 = 8
መ + 3 − 3 = 8 − 3
መ = 5

«ሦስቱ ተሻግሮ ሲሄድ ምልክቱን ይቀይራል» የሚለውን አባባል አትንገሩት። ምንም የተሻገረ ነገር የለም፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ተነሣ እንጂ። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደሆነ፣ እውነተኛ ሚዛን ግን ደስ እንደሚያሰኘው ይናገራል። ልጆቹን ቅዳሜ ገበያ ይዛችሁ ስትሄዱ ቅመም የሚሸጡት እናት ሚዛናቸውን ሲያስተካክሉ አሳዩአቸው። የእኩል ምልክት ማለት ያ ነው፤ በአንዱ ወገን ያደረግኸውን በሌላው ወገን ማድረግ ግዴታህ ነው።

አራተኛ፦ አሁን ይለዋወጥ

እስከ አሁን ፊደላችን የተደበቀ አንድ ቁጥር ነበር። ተለዋዋጭ የሚለው ቃል የሚመጥነው ግን ቁጥሩ በእርግጥ ሲለዋወጥ ነው። ለዚህ ከአብርሃምና ከሣራ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 አብርሃም ራሱን የመቶ፣ ሣራን የዘጠና ዓመት ሰው ብሎ ሲናገር እናገኘዋለን። የአብርሃምን ዕድሜ አ፣ የሣራን ዕድሜ ሣ ብንል፦

አ = ሣ + 10

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ሣራስ? ልጁ 65 ይላል። ሣራ 127 ዓመት ኖራ ስታርፍ አብርሃም ስንት ነበር? 137። ዓመቱ ይሮጣል፣ ሁለቱም ፊደላት ይለዋወጣሉ፤ 10 ግን ንቅንቅ አትልም። «10 ቋሚ ናት፤ አ እና ሣ ተለዋዋጭ ናቸው» በሉት። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነሡት እዚህ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ አብርሃም በ175 ዓመቱ ሲያርፍ ሣራ ስንት ዓመቷ ነበር? ብዙዎቹ ዘልለው 165 ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «እሷማ አርፋለች!» ይላል። ፊደል የፈለገውን ቁጥር ሁሉ እንደማይቀበል፣ ወሰን እንዳለው በዚህ ይማራሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ልጅና በወንድሙ ወይም በእኅቱ ዕድሜ ይሥሩት።

ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናትና ሌላም የቤት ሥራ አለ። ልጁ የተሳለማቸው አብያተ ክርስቲያናት ተ፣ ገና ያልተሳለማቸው ቀ ይባሉ፤ ተ + ቀ = 44። በየበዓሉ አንድ አዲስ ደብር ስትሳለሙ ተ በአንድ ያድጋል፣ ቀ በአንድ ይቀንሳል። በደብተሩ ጀርባ እየመዘገበ ይቆይ። ዓመታት የሚፈጅ ሰንጠረዥ ነው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ስለ ቋሚና ተለዋዋጭ ስታወሩ ልጆቹ ራሳቸው «እግዚአብሔርስ?» ማለታቸው አይቀርም። በትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 «እኔ እግዚአብሔር አልለወጥም» ያለውን አንብቡላቸው፤ እዚያ ላይ ይብቃ። ምሥጢረ ሥላሴን ግን በቀመርና በፊደል ለማስረዳት አትሞክሩ። ቁጥር ሊሸከመው የማይችለውን ቁጥር ላይ መጫን ሃይማኖቱንም ሂሳቡንም ይጎዳል።

አምስተኛ፦ ባሕረ ሐሳብ

ልጁ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዱት። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ፓትርያርክ ድሜጥሮስ እንዳዘጋጀው ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ሲወርድ ሲዋረድ እስከ ዛሬ አለ። የተለዋዋጭ ትምህርት የታነጸበት ሕንፃ ነው።

በመጀመሪያ በዓላቱን ለዩ። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፤ ቋሚ ናቸው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ከዘመነ ዮሐንስ በቀር፣ ያን ጊዜ 28 ይውላል። ዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ፣ ዕርገት ግን ይለዋወጣሉ። ሁሉም የሚከተሉት አንዲቱን ጾመ ነነዌን ነው። ነነዌ የምትገባበትን ቀን ነ በሉት። ከዚያ ተውሳኮቹን፣ ማለትም በነ ላይ የሚደመሩትን ቀናት፣ ይጻፍ፦

ዐቢይ ጾም = ነ + 14
ደብረ ዘይት = ነ + 41
ሆሳዕና = ነ + 62
ስቅለት = ነ + 67
ትንሣኤ = ነ + 69
ዕርገት = ነ + 108
ጰራቅሊጦስ = ነ + 118

ነ በየዓመቱ ይለወጣል፤ 14፣ 41፣ 69 አይለወጡም። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ስሌቱ ለልጅ እጅግ ይቀላል፤ 69 ቀን ማለት ሁለት ወር ከ9 ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 3 ገባች፤ ሁለት ወር ስንሻገር ሚያዝያ 3፣ ዘጠኝ ስንጨምር ሚያዝያ 12፤ ትንሣኤ። በ2018 ዓ.ም. ጥር 25 ነው፤ ሁለት ወር ሲሻገር መጋቢት 25፣ ዘጠኝ ሲጨመር 34፤ ሠላሳውን ሲያነሡለት ሚያዝያ 4። የ2019 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 15 ናት፤ ይህን ለልጁ ተዉለት። ሚያዝያ 24 ካገኘ በትክክል ሠርቷል።

ነ ወሰን አላት፤ ከጥር 17 አትቀድምም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም። ስለዚህ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ እንደማይውል ልጁ ራሱ አስልቶ ይንገራችሁ። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ትገባለች፤ ትንሣኤ ሁልጊዜ እሑድ የሚሆነው ለምንድን ነው? ፍንጩ 69ን ለሰባት ማካፈል ነው።

ከሁሉ የምወደው የሚቀጥለው ነው፤ ማካፈልና ማባዛት ለለመደ ልጅ አቆዩት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ለ19 አካፍሉ፤ ከቀሪው አንድ ቀንሱ። ያ ወንበር ይባላል፤ ወ እንበለው። ለ2018፦ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ወ = 12። ወንበርን በ11 አባዝታችሁ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፉ የሚቀረው አበቅቴ ነው፤ 132 ሲገደፍ 12። በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉ መጥቅዕ ይሆናል፤ 228 ሲገደፍ 18። ደምሯቸው፤ 30። ለ2017 ሥሩት፤ ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29፤ አሁንም 30። ለ2019 አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7።

ልጁ የሦስቱን ዓመታት ስሌት ከሠራ በኋላ «ለምን ሁልጊዜ 30?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ። መልሱን ቁጥሮቹ አይነግሩትም፤ ፊደሉ ግን ይነግረዋል፦

ወ × 11 + ወ × 19 = ወ × 30

ወ ምንም ይሁን ምን ድምሩ የሠላሳ ብዜት ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ የሚተርፉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ከሠላሳ ያነሱ ናቸውና አንድ ላይ ሠላሳ ይሞላሉ። (ወንበር ዜሮ፣ በአባቶች አነጋገር አልቦ፣ ሲሆን መጥቅዕ በቀጥታ 30 ይባላል።) ፊደል ከቁጥር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ መስመር ስለ ዓመታት ሁሉ ተናገረ። በሙዳዩ ጨዋታ መ የሽምብራ ቁጥር እንደነበር፣ እዚህ መጥቅዕን መ ብንለው አዲስ ቁጥር እንደሚይዝም አስታውሱት።

ከዚህ ያለፈውን፣ ከመጥቅዕ ተነሥቶ ነነዌን እስከ ማግኘት ያለውን፣ ከአንድ የአብነት መምህር ዘንድ ወስዳችሁ ከየኔታ አፍ ይስማው። እኔ በወረቀት ከማስረዳው ይልቅ እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ሲነግሩት ይገባዋል።

ትምህርት ቤት ሲደርስ

ኤክስ ሲመጣ አዲስ ነገር አድርጋችሁ አታቅርቡት። «መ ያልነውን እነሱ ኤክስ ብለውታል» በሉት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ኤክስ ያለበትን ጥያቄ ወደ መ ወይም ወደ ነ ለውጦ ይጻፍ፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ መልሶ ወደ ኤክስ ይቀይረው። ታሪክ ያለው ጥያቄ ሲያጋጥመው እርሳስ ከማንሣቱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይናገር፦ «እዚህ ጥያቄ ውስጥ ፊደሉ የዚህ ነገር ቁጥር ነው።» ይህን መናገር ካቃተው ስሌቱን አታስጀምሩት፤ ሙዳዩን አምጡለት።